የእትዬ ጥሩነሽ ጀሪካን

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን፣ ሰፈራችን ባለው መዋዕለ ሕፃናት መብራት ጠፋ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቶች ከትንንሽ ልጆቻችን ጋር የምንጨፍርበት ሰዓት አለ፤ ልጅ ከወላጁ ጋር ሲጨፍር ሚዛን መጠበቅም፣ ቃልም፣ ሰው ማመንም ይማራል ይሉናል። ስፒከሩ ዝም ሲል መምህርቷ አንድ ቢጫ ጀሪካን ገልብጣ ትመታ ጀመር። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ልጄን እንዳቀፍኩ ጥግ ይዤ አለቀስኩ። እትዬ ጥሩነሽ ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምራት ታውቀው ነበር።

ጎረቤታችን ነበረች። የበግ ጠጉር እየፈተለች ለባና ብርድ ልብስ ሠሪዎች ትሸጣለች፤ ቀሚሷ ክረምት ከበጋ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። እኛ ልጆች ሽታውን ስለምንወደው ላይዋ ላይ እንለጠፍ ነበር። «እርስዎ» ካልናት ልታስረጁኝ ነው ብላ ትቆጣለች። ነገር በሆዷ ስለማያድር ትልልቆቹ ይፈሯታል።

አባቴ ጣርማ በር ላይ በጉም መኪናው ተገልብጦ ሲሞት እኔ ስምንት ዓመቴ፣ ወንድሜ ዳዊት ደግሞ የሰባት ወር ሕፃን ነበር። እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለበሰች። ሬዲዮኑ በጨርቅ ተሸፈነ። በቤታችን ማጨብጨብ ቀረ፤ ሐዘን ሳይወጣ ዜማ ማሰማት ሟቹን መናቅ ነው ተብሎ እሹሩሩ እንኳ ቀረ። ዳዊት ቀኑን ሙሉ ከእናቴ ጀርባ አይወርድም። ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት እንኳ አይቆምም፣ አይናገርም። ስንጠራው ዞር ማለትም ትቶ ነበር። እናቴ ጸበል ወሰደችው፤ ያው ነው። እንዲሁ ይቀርብናል ብዬ እፈራ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሳ፣ እትዬ ጥሩነሽ ባዶ ጀሪካን ይዛ ገባች። ዳዊትን ከአንቀልባው ፈትታ እናቴ ፊት ደግፋ አቆመችውና እጁን ይዘሽ ተነሽ፣ አወዛውዢው አለቻት። እናቴ ደነገጠች። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ሰው ምን ይለኛል፣ ሟቹስ ምን ይለኛል ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እትዬ ጥሩነሽ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠች።

«አስካለ፣ እኔም እንዳንቺው ባሌን ቀብሬ ሐዘኔን በወጉ ጠበቅሁ» አለቻት። «ልጄ ጉልበቴን ይዛ ቀና እያለች ታየኝ ነበር። ሐዘኑ ሲወጣ አጫውታታለሁ አልኩ። ኩፍኝ ቀደመኝ። ጥርሴን ሳታይ ሄደች።»

እናቴ የዳዊትን ጣቶች ያዘች። እትዬ ጥሩነሽ ተነስታ ጀሪካኑን በቀስታ ስትመታ የእናቴ ትከሻ እሺ አላላትም፤ ግራና ቀኝ ብቻ ተወዛወዘች፣ እያለቀሰች። ዳዊት ፊት ፊቷን ያያል። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ሆነ። ባሏን ዓመት ሳይሞላው ረሳችው ብለው ያሟት ነበሩ። ለፋሲካ ዳዊት ከጀሪካኑ እስከ እናቴ ጉልበት አራት እርምጃ ብቻውን ሄደ። ሁላችን ስንስቅ እትዬ ጥሩነሽ ወጥታ በራፍ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ጠረገች።

ባለፈው ክረምት ቀበርናት። የሚያለቅስላት ልጅ ስላልነበራት ለቅሶው እኛ ቤት ተደረገ። ድንኳኑን የተከለው ዳዊት ነው። እናቴ እንደገና ጥቁር ለብሳ መሬት ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ልጄ፣ ያኔ ገና መራመድ አልጀመረችም፣ በለቀስተኛው መሐል እየዳኸች ሄዳ የእናቴን ጉልበት ይዛ ቆመች። ቀና ብላ አየቻት። እናቴ ዕንባዋን ሳትጠርግ ፈገግ አለችና ቀስ ብላ አጨበጨበችላት።