የዳኛው አፍንጫ ጠባቂ

ሆሊስ ፊልብሪክ ሥራ ፈት ነበር የሚሉ አሉ። ሐሜት ነው። ሥራ ነበረው፤ አፍንጫ ይጠብቅ ነበር።

አፍንጫው የድንጋይ ነው። ከመንደራችን ከሃሌት በላይ ትልቅ ገደል አለ። እኔ ሱቅና ነዳጅ ማደያ ከማስተዳድርበት ቦታ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ቀና ያለ ሰው፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ያለው የተቆጣ ሽማግሌ ያይ ነበር። «ዳኛው» እንለዋለን። በሰሜን ኒው ሃምፕሸር አንዱ መንደር ፏፏቴ አለው፣ አንዱ ሐይቅ አለው፣ አንዱ ተራራ ጫፍ ድረስ የሚወጣ ባቡር አለው። እኛ ያለን ይኸው ፊት ብቻ ስለነበር እስኪበቃን በላንበት። ዳኛው ቁርስ ቤት፣ ዳኛው ጎሚስታ፣ ዳኛው የውሻ ፀጉር ቤት አለን። የትምህርት ቤታችን የቅርጫት ኳስ ቡድን «ዳኞቹ» ይባላል። በየዓመቱ ይሸነፋል፤ እንደ ሌላው ቡድን ዳኛው በደለን ብሎ እንዳያለቅስ ደግሞ ስሙ አይፈቅድለትም።

ሆሊስ ለእንግዶች ሲናገር፣ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ይህን ፊት ባዩ ጊዜ ተንበርክከው ጸለዩ ይላል። ሰፋሪዎቹ ከእርሻቸው ድንጋይ ሲለቅሙ ጎብጠው የሞቱ ሰዎች ናቸው፤ ቀና የሚሉበት ጊዜ አልነበራቸውም። ፊቱን ያገኘው ሆቴል ሠርቶ እንግዳ ያጣ አንድ ነጋዴ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ሆሊስም ያውቃል። ግን በጸሎቱ ታሪክ የሚሸጠው፣ የዳኛው ፊት የታተመበት ሸሚዝ ይበልጣል፤ ሸሚዙን የምሸጠው ደግሞ እኔ ስለሆንኩ ዝም እላለሁ።

ሆሊስ ቀጭን፣ ረጅም፣ በጋ ከክረምት ቀይ ባለመስመር ሸሚዝ የማያወልቅ ሰው ነው። የወረቀት ፋብሪካው ተዘግቶ ሥራ ሲያጣ፣ ሌላው ወደ ከተማ ሄደ፣ እሱ ማንም ሳይሾመው የዳኛው ጠባቂ ሆነ። ቤቱን የምታስተዳድረው የተማሪዎች ሰርቪስ የምትነዳው ሚስቱ አርሊን ናት። እሱ በየበጋው በተራራው ጀርባ ዞሮ ይወጣና የድንጋዩን ስንጥቅ በሬንጅ ይደፍናል። ደክሞ ሲመለስ «ዛሬ ሽማግሌውን ላጨሁት» ይላል። አርሊንም «የኛ ጣሪያ ደግሞ ያፈሳል» ትለዋለች። ጣሪያውም ማፍሰሱን አላቆመም።

አገራችን ለድንጋይም ለሰውም አይመችም። ክረምቱ ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ ይመጣና፣ በቃህ ሲባል የማይነሳ እንግዳ ሆኖ ሚያዝያን ይጨርሳል። ከዚያ ጭቃው ይመጣል፤ መኪና ሆዱ ድረስ ይሰምጣል። ከጭቃው በኋላ ጆሮ ሥር ገብተው የሚነክሱ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ይመጣሉ። በጋው መጣ መጣ ስንል ያልፋል። በመጨረሻ ሜፕል የሚባለው ዛፋችን ይቀላል፤ ያን ጊዜ የቦስተን ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ ያለውን ዛፍ ትቶ የኛን ቅጠል ለማየት ይመጣል። ድንጋዩን የሚገድለው ግን ጭቃው አይደለም። ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ሲበርድ ይጋገራል፣ ያብጣል፣ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ እንደገና ይጋገራል። ሬንጅ ምን ያደርግለታል?

አንድ ሚያዝያ ላይ፣ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ የሆነ ነገር ሲያጉረመርም ሰማሁ። ከጣሪያ በረዶ የወረደ መስሎኝ ተገላብጬ ተኛሁ። ሆሊስም እንደዚያው አድርጎ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሴትና ባሏ በጭቃው ውስጥ እየዋኙ መጥተው እኔ ሱቅ ፊት መኪናቸውን አቆሙ። ሆሊስም እንደ ልማዱ ወጣና፣ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ፣ እንደ ዘፋኝ ፊቱን ወደ ታዳሚው አዙሮ ቆመ።

«እንኳን ደህና መጡ። አፍንጫው ይታይዎታል?» አላት።

«የቱ ጋ ነው?»

«ከኋላዬ። ከጥዱ ከፍ ይበሉ። መጀመሪያ ግንባሩን ይያዙ።»

«ግንባሩን አየሁት። ከግንባሩ በታች ግን ምንም የለም።»

«አለ። ዓይንዎን ጠበብ ያድርጉት።»

«አጠበብኩት። የለም።»

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከኒው ጀርዚ።»

«እህ! በሉ እንግዲህ!» አለ ሆሊስ፣ ሁሉ ነገር የተገለጠለት ይመስል። «ሜዳ ላይ ያደገ ዓይን ወዲያው አይለምድም። ቀስ ይበሉ።»

ባሏ ከመኪናው ወረደ። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ተመለከተና፣ «ሰውዬ፣ እዚያ አፍንጫ የሚባል ነገር የለም» አለ።

«እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚህ ነው። አንተ ከመኪና መውረድህ ነው። ማንኛችን እናውቃለን?»

«ታዲያ ዞር በልና እየው!»

«እኔ ማየት አያስፈልገኝም!» ብሎ ጮኸ ሆሊስ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ እየሳቅኩ ነበር። እስቲ ብዬ ቀና አልኩ። አፍንጫውም አገጩም የሉም፤ በቦታቸው ገና የተላጠ ድንች የመሰለ ነጭ ድንጋይ አለ።

«ሆሊስ፣ ዙር» አልኩት።

ዞረ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። ሴትዮዋ ካሜራዋን አንስታ እሱኑ ፎቶ አነሳችው። መቼስ የመጣችበት አልቀረባትም፤ የተቆጣ ሽማግሌ ፊት ይዛ ሄደች።

በዚያው ሳምንት መንደሩ በትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ተሰበሰበ። ለመንገድ ጥገና ስንጠራ አሥር ሰው የማንሞላ ሰዎች፣ ለድንጋይ ሲሆን መቀመጫ አጣን። አንዱ የፕላስቲክ አፍንጫ እንግዛ አለ። ሌላው ግንባሩን ብቻ እናስቀርና ስሙን «ራሰ በራው» እንበለው አለ። የጎሚስታው ባለቤት ሰሌዳ ከምቀይር ልሙት አለ። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ማርሻ ተትል መዶሻዋን መታ መታ አድርጋ፣ «ድንጋዩ ወደቀ እንጂ የመንገድ ምልክቱ አልወደቀም። እንግዳው ምልክቱን አይቶ ይቆማል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ምን አዋከባችሁ?» አለች።

ሆሊስ ከወንበሩ ተነሳ። «ሲሚንቶና ብረት ስጡኝ። እኔ እሠራዋለሁ።»

«ሆሊስ፣» አለች ማርሻ፣ «አምና የሠራህልኝ የጓሮ ደረጃ አሁን የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«የት አለ?»

«ወንዝ ውስጥ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሆሊስ ግን አልተቀመጠም። «ሳቁ! ያ ፊት የሁላችንም ፊት ነበር። እያንዳንዷን መስመሩን በቃሌ አውቃለሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ፊት ሳይ ነው የኖርኩት!» አለ።

ከኋላ ወንበር አርሊን የሾፌር ጃኬቷን እንደለበሰች ሹራብ ትሠራ ነበር። ክሯን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ሆሊስ።»

«አቤት።»

«እስቲ የኔን ፊት እየው። ምን ጎደለ?»

አያት። አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አያት። ሆሊስ ከግንባሯ ጀምሮ እስከ አንገቷ በዓይኑ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። «ምንም አልጎደለም» አለ በመጨረሻ።

«አገጬ ላይ ኪንታሮት ነበረኝ። ካስወጣኋት ሦስት ዓመት አለፈ።»

ክሯን አንስታ ቀጠለች። ስብሰባው ምንም ሳይወስን ተበተነ። ከዚያ በኋላ ስለ ሲሚንቶ አፉን የሚከፍት ማን ነው?

ሆሊስ ተምሮ ዝም አለ ብለን ነበር። ሲያስብ ኖሯል። ጭቃው ጠጠር ማለት እንደጀመረ፣ አንድ ጠዋት በራሱ ገንዘብ የገዛውን ሲሚንቶ ተሸክሞ በጀርባ በኩል ብቻውን ወጣ። ገመዱን ከጥድ ጋር አስሮ ከግንባሩ በታች ወዳለችው ጠባብ ጠርዝ ወረደ፣ በጀሪካን ያወጣውን ውሃ ከሲሚንቶው ጋር ማቡካት ጀመረ። ወሩ ግን የዝንቦቹ ወር ነው። ሁለቱ እጆቹ እስከ ክርኑ በሲሚንቶ እንደተለቀለቁ ዝንቦቹ አገኙት። በጆሮው ገቡ፣ በአንገቱ ገቡ፣ በዓይኑ ገቡ። ሲያባርራቸው ሲሚንቶውን ፊቱ ላይ ቀባው። ዓይኑ አብጦ ተዘጋ። በዚያ ላይ ጉሙ ከሸለቆው ተነስቶ ገደሉን ዋጠው። ሆሊስ ገመዱን በዳበሳ ቢፈልግ አጣው፤ ስለዚህ ጉልበቱን አቅፎ ጠርዟ ላይ ቁጭ አለ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከኮኔቲከት ጡረተኞች የጫነ አውቶቡስ መጣ። አስጎብኚው ማይክራፎን የያዘ ጎረምሳ ነው፤ ዳኛው መውደቁን የነገረው የለም። እኔ ልነግረው ስወጣ ጉሙ ተገለጠ። ከግንባሩ በታች አንድ ጎባጣ፣ ግራጫ ነገር ጉብ ብሏል።

«ይኸውላችሁ!» አለ አስጎብኚው። «አፍንጫው!»

ጡረተኞቹ አጨበጨቡ። ማስታወቂያው ላይ ካለው ይልቅ በአካል ሲያዩት እንደሚያምር ተስማሙ። አንዲት አሮጊት መነጽራቸውን ወልውለው፣ «ቀላ ይላል እኮ» አሉ።

«ብርዱ ነው» አሏቸው ጎረቤታቸው። «እዚያ ላይ ቆሞ ያልቀላ አፍንጫ የት አለ?»

ያን ጊዜ አፍንጫው እጁን አወጣና አውለበለበ።

የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድናችን ቢጠራ፣ መኪናቸው ያልደረቀ ጭቃ አግኝታ ሰመጠች። አርሊን ተማሪዎቿን ካወረደች በኋላ እነሱን፣ ገመዳቸውንና መሰላላቸውን በሰርቪሷ ጭና በጀርባ ወጣች። ከገደሉ ጫፍ በደረቷ ተኝታ ወደ ታች ጮኸች።

«ሆሊስ! በሕይወት አለህ?»

«አለሁ!»

«ገመዱ አጠገብህ ነው፤ ያዘው!»

«አይታየኝም!»

«እሱንማ አውቃለሁ! በግራህ በኩል!»

ጎትተው አወጡት። ከታች እንደ ኳስ ሜዳ ተጨበጨበ። አርሊን ፊቱ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ በጥፍሯ ፍቃ ስታነሳለት፣ እሱ ያበጠውን ዓይኑን በጣቱ ከፍቶ አገጯን ብዙ አየ አሉኝ እሳት አደጋዎቹ።

በሳምንቱ ማርሻ ተትል የብሉቤሪ ኬክ ይዛ ልትጠይቀው መጣች። አርሊን ጣሪያው ላይ ወጥታ ታሽግ ስለነበር፣ እኔ ነበርኩ አጠገቡ የተቀመጥኩት።

«ሆሊስ፣ እግዚአብሔር ይማርህ» አለች። «አንድ ነገር አስበን ነበር። ያ አውቶቡስ ለሌሎች አውርቶልን ስልክ ፋታ አሳጣን። ቅጠሉ ሲቀላ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ እዚያ ጠርዝ ላይ ደህና ወንበር ብናስርልህ፣ ግራጫ ካፖርት ብንገዛልህ... ዝም ብለህ መቀመጥ ነው። ትንሽ ጎበጥ ብለህ።»

ሆሊስ ቀና ብሎ ተመለከታት። «ማርሻ፣ እኔ እኮ በዚህ መንደር ያበድኩ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አላት። ኬኩን ግን አስቀረው።

መጸው መጣ። ሜፕሉ ቀላ፣ ኮረብታው ነደደ፣ መኪናው ከድልድዩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሰለፈ። ሆሊስ ምን ብዬ እመልሳለሁ እያለ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስለ ዳኛው የሚጠይቅ ሰው ጠበቀ። ማንም አልመጣም። ሰዉ ቅጠሉን ፎቶ ያነሳል፣ ራሱን ከቅጠል ጋር ያነሳል፣ ዶናት ይበላል፣ ይሄዳል። የኔ ሸሚዞች እንደ ድሮው ተሸጡ፤ ደረታቸው ላይ ያለው ፊት የማን እንደሆነ የጠየቀኝ አልነበረም። አንድ ቀን ሆሊስ ሱቅ ገባና ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«ስለሱ የጠየቀህ አለ?»

«ሁለት ሰዎች ገደሉን እያዩ መጥተው ነበር።»

«ምን አሉ?»

«አንዱ ሽንት ቤቱ የት ነው አለኝ።»

«ሌላውስ?»

«እሱም።»

የሆሊስ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መሳቁ ይሁን ማልቀሱ መለየት ስላቃተኝ ወደ መደርደሪያው ዞሬ ጣሳ ማስተካከል ያዝኩ። ስመለስ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ነበር። «ያን ሁሉ ሬንጅ!» አለና ወጣ።

የመጀመሪያው በረዶ ሳይወርድ የመንደሩ በረዶ መጥረጊያ መኪና ሾፌር ጡረታ ወጣና ቦታውን ሆሊስ ያዘ። ከባድ መኪና መንዳት ያስተማረችው አርሊን ናት፤ ባዶ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስትሰድበው መንደሩ ሙሉ ሰምቷል። አሁን ጠዋት ጠዋት እሱ ከፊት መንገዱን እየጠረገ ይሄዳል፣ እሷ ተማሪዎቿን ጭና ከኋላው ትከተላለች፤ ሲያዘግም ክላክሱን ታስጮህበታለች። ጎበዝ ሾፌር ወጥቶታል። ችግሩ አንድ ነው፤ ማርሻ ተትል ደጇ፣ መንገድ ዳር የተከለችውን የፖስታ ሣጥን በየክረምቱ ገጭቶ ይጥለዋል። እሱ በረዶ ሸፍኖት ነው ይላል። ማርሻ ሆን ብሎ ነው ትላለች። እኔም ሆን ብሎ ነው እላለሁ፤ ሣጥኑን የምትገዛው ግን ከኔ ሱቅ ነው።