ክላረንስ ዱዴክ ጀርባውን የሰጠበት ምሽት

በፖርት ሄለን የክላረንስ ዱዴክን አስተያየት ያልሰማ ሰው ካለ፣ ወይ ጆሮው አይሰማም ወይ ትናንት የመጣ ነው። ክላረንስ በብረት ማቅለጫው ሠላሳ ስምንት ዓመት መሞረጃ ማሽን ላይ ቆሞ ሠርቷል፤ ልቡ ግን ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ቦታ ነበረች። ቀይ ፋኖሶች በሚባለው የከተማው የከበሮና የጥሩምባ ጓድ ገብቶ ዘጠኝ በጋ ነፋ። ሃያ አንድ ሲሞላው ደንቡ ከዚያ በላይ አይፈቅድምና ጥሩምባውን አስረክቦ ከሜዳ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በየበጋው ከተመልካች መካከል ተቀምጦ ይፈርድ ጀመር።

የሚፈርደውም ጮክ ብሎ ነው። ልጆቹ ለትርኢት ብለው ሰልፋቸውን ትተው መሬት ላይ ሲንከባለሉ፣ “ምን ሆነው ነው? ንብ ነድፏቸው ነው?” ይላል። ለትርኢቱ የተሠራ አልጋና መሰላል ሜዳ ላይ ሲጎተት፣ “ቤት እየለቀቁ ነው እንዴ?” ይላል። ሰው ይስቃል። ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ የተፈቀደ ዕለት ግን ቀልዱ አለቀ። “ጥሩምባ የሚነፋው በሳንባ ነው፣ በሶኬት አይደለም” ይላል ፊቱ እየቀላ። “ሰማንያ ልጅ አሰልፈህ ድምፅህ ካልተሰማ ልጆቹን አሠልጥን እንጂ ሽቦ አትዘርጋ!” እሱ የሚቀመጥበት መደዳ ሁሉ የእሱን አፍ ነበር የሚጠብቀው። ክላረንስ ሲነሣ ይነሣሉ፣ ሲያጨበጭብ ያጨበጭባሉ።

ሊያስቀምጠው የሚችል አንድ ሰው ሚስቱ ጆይስ ነበረች። “ቁጭ በል ክላረንስ፣ የልጆቹ እናቶች ከኋላህ ናቸው” ትለዋለች እጅጌውን ይዛ፤ እሱም እያጉረመረመ ይቀመጣል። ጆይስ የጓዱን ደንብ ልብስ ትሰፋ ነበር። ጓዱ በሚሰበሰብበት በቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ ምድር ቤት ውስጥ፣ የአዲስ ገቢ ልጅ ሱሪ ስታሳጥር፣ የተበጠሰ አዝራር ስትተክል፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ታንጎራጉራለች። አፏ ስለተያዘ ቃል የለውም፤ ሁልጊዜ ያው አንድ ዜማ ነው። ከየት እንዳመጣችው ማንም ጠይቋት አያውቅም።

አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ማርላ። ክላረንስ የጥሩምባ አፍ ብቻ ሰጥቷት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው መንፋት ያስተማራት። አድጋ በጓዱ ነፋች፣ የሙዚቃ መምህርት ሆነች፣ በኋላም የቀይ ፋኖሶችን ሙዚቃ የምትጽፈው እሷ ሆነች። ክላረንስ ይህን ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይናገራል፤ ነዳጅ ለሚቀዳለት ልጅ ሳይቀር።

ጆይስ በረዶው ሳይቀልጥ ሞተች። የቆሽት ካንሰር ነበር፤ ከታወቀ ሰባት ሳምንት እንኳ አልቆየችም። ክላረንስ ከቀብር በኋላ ብዙም አላወራም። ማርላ እሑድ እሑድ ሾርባ እያመጣች አብራው ትቀመጣለች። አንድ እሑድ፣ የበጋው ውድድር ሊጀመር ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሳህኑን እያጠበች እንዲህ አለችው፦

“አባዬ፣ ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለህ እይልኝ፣ እሺ?”

“መቼ ተነሥቼ አውቃለሁ?”

“ሁልጊዜ!”

“ምን አዘጋጅተሽ ነው?”

“አልነግርህም። ብቻ ቁጭ በል።”

ቅዳሜ ሜዳው ሞልቶ ነበር። ቀይ ፋኖሶች ሲገቡና ጥሩምባው ሁሉ ወደ ተመልካቹ ዞሮ በአንድነት ሲነፋ፣ የክላረንስ ዓይን እንባ ሞላ። “ይቺ ናት ልጄ!” አለ ጎኑ ለነበረው ለቨርን። ቨርን በልጅነቱ ከበሮ የመታ፣ ከክላረንስ ጋር ያረጀ ሰው ነው። “የለችም እንዳንተ ልጅ” አለው ቨርንም።

ከዚያ ጥሩምባው ዝም አለ። ሰልፉ ባለበት ቆመ። ከመካከሉ አንዲት ቀጭን ልጅ ባዶ እጇን ወጣችና ወደ ፊት መጣች። ፊት ለፊት ማይክሮፎን ቆሞ ነበር።

ክላረንስ መጀመሪያ ዓይኑን አላመነም። ልጅቷ ማይኩ ሥር ቆመች፤ ከድምፅ ማጉያው እንደ ዝንብ ያለ ቀጭን ነገር ተሰማ። እሱ ያንን አላዳመጠም። የሰማው የገዛ ልጁ እንደከዳችው ነው፤ እናቷ በሞተችበት ዓመት፣ በገዛ ከተማው፣ በሰው ሁሉ ፊት።

“ንቀሉት!” አለ ተነሥቶ። “ሶኬቱን ንቀሉት!”

እጅጌውን የሚይዝ አልነበረም። ዞሮ ለሜዳው ጀርባውን ሰጠ። ቨርንም እየሳቀ ዞረ። ከዚያ መደዳው፣ ከዚያ ከበላይና ከበታች ያለው፣ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ተነሥቶ ጀርባውን ሰጠ። አንዱ አፏጨ፣ ሌላው “ንቀሉት! ንቀሉት!” እያለ በጭብጨባ ተቀበለው። ክላረንስ ቀና ብሎ ደረጃውን ወረደ፤ ከበሮው ዳግም ሲጀምር እሱ ከበሩ ውጭ ነበር።

ቋሊማ ከሚጠበስበት አንድ ገዝቶ እንደያዘ ቆሞ ሳለ ዶቲ ክሬንዝ መጣች። ዶቲ ከጆይስ ጋር ሃያ ዓመት አብራ የሰፋች ሴት ናት። ፊቷ በእንባ ርሷል።

“ክላረንስ፣ ምን ነክቶህ ነው?”

“እኔን ምን ነካኝ? ማይክ እኮ አቆሙ! ማርላ! የኔ ልጅ!”

“የጆይስ ነው እኮ።”

“ምኑ?”

“ልጅቷ ያንጎራጎረችው። ምድር ቤት ስትሰፋ የምታንጎራጉረውን ነው እኮ ማርላ የጻፈችው። እንጉርጉሮ ያለ ማይክ በዚያ ሁሉ ሜዳ እንዴት ይሰማ፣ አንተ ሰውዬ?”

ክላረንስ ነገሩ ወዲያው አልገባውም። “ጆይስ ዘፋኝ አልነበረችም” አለ። ከዚያ ገባው። ቋሊማውን ለዶቲ አስያዛትና የጓዱ መኪኖች ወደቆሙበት ሮጠ፤ በሰባ አንድ ዓመቱ መሮጥ ከተባለ።

ማርላ የጭነት መኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ቀጭኗ ልጅ ራሷን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ታለቅሳለች፤ ማርላ ፀጉሯን ትዳብሳለች። አባቷን ስታይ አልተነሣችም።

“ሰማኸው?” አለችው።

“ማርላዬ፣ እኔ እኮ አላወቅኩም...”

“እሱን አይደለም የጠየቅኩህ። ሰማኸው ወይ?”

“አልሰማሁም።”

“በቃ፣ እንግዲህ ተወው።”

ሰኞ የጓዱ ኃላፊ የእንጉርጉሮውን ክፍል ከትርኢቱ አወጣው። ክላረንስ ቢሮው ድረስ ሄዶ ለመነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ። “ሚስተር ዱዴክ፣ ልጅቷ ሁለተኛ አልቆምም ብላለች” አለ ሰውየው። “ማርላም ይውጣ አለች። ምን ላድርግልዎት?” በቦታው የጥሩምባ ዜማ ገባ፤ ብርቱ፣ ጥርት ያለ፣ ሽቦ የሌለው። ሌላ ዘመን ቢሆን ክላረንስ ወንበር ላይ ቆሞ ያጨበጨበለት ነበር።

በዚያ በጋ አሥራ አንድ ውድድር ተከትሏቸው ነዳ፤ አዮዋ፣ ኢንዲያና፣ ኦሃዮ። ምናልባት ይመልሱት ይሆናል ብሎ። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጉልበቱን ይዞ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ጥሩምባው ይመጣል፤ ወደ ኋላ ይደገፋል። ጓዱ ለፍጻሜው ሳያልፍ ቀረ። ክረምቱ ሲገባ የሚመዘገብ ልጅ ጠፍቶ ቦርዱ ቀይ ፋኖሶችን ዘጋ። ማርላ ነብራስካ ውስጥ ሥራ አግኝታ ሄደች።

ያን ምሽት በስልኩ የቀረጸ አንድ ሰው እንዳለ ቨርን አፈላልጎ አገኘለት። ሁለቱ ወጥ ቤት ተቀምጠው ከፈቱት። ልጅቷ ስትራመድ ይታያል። ማይኩ ሥር ትቆማለች። ከዜማው ሦስት ድምፅ፣ ምናልባት አራት፤ ከዚያ ከቅርብ፣ ከቀረጸው ሰው አጠገብ፣ “ንቀሉት!” የሚል ጩኸት፣ ከዚያ ጭብጨባና ፉጨት እስከ መጨረሻው።

“ማን ነው ይሄ የሚጮኸው?” አለ ቨርን ሳያስብ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

ክላረንስ አራት ጊዜ መልሶ መላልሶ ከፈተው። ቨርን ከሄደ በኋላ በራሱ ሊያንጎራጉረው ሞከረ። አርባ አራት ዓመት ከጆይስ ጋር ኖሯል፤ ዜማው በየቀኑ በጆሮው ሲገባ ኖሯል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ የነፋውን ሁሉ አንዲት ድምፅ ሳይስት ዛሬም ይወጣዋል። የሚስቱን ግን ከአራተኛው ድምፅ በኋላ አጣው። መኪና ውስጥ ሞከረ፣ ገላውን ሲታጠብ ሞከረ። የሚመጣለት ሁልጊዜ የሰልፍ ሙዚቃ ነበር።

በመጨረሻ የቀጭኗን ልጅ ስልክ አገኘ። ስሟ ሬኒ ነው፤ ነርስነት ትማራለች። ይቅርታ ጠየቃት፤ አሁንም አሁንም።

“ረስቼዋለሁ ሚስተር ዱዴክ፣ እውነቴን ነው” አለችው። “በጣም ነበር የፈራሁት እንጂ ተቀይሜ አይደለም።”

“ዜማውን... ታስታውሺዋለሽ?”

ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ጀመረችለት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ክላረንስ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። ልጅቷ አቆመች።

“ከዚህ በኋላ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሚሄደው? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የራሴን እየጨመርኩ እንዳላበላሽብዎት። ዜማው የተጻፈበት ወረቀት ማርላ ጋ ነው።”

ማርላ እሑድ እሑድ ትደውላለች። የደም ግፊቱን ትጠይቀዋለች፣ ስለ አየሩ ይነጋገራሉ። ስለ ዜማው ሊጠይቃት አፉን ይከፍትና ስለ ቤቱ ጣሪያ ያወራል። በበጋ አሁንም ወደ ውድድር ይሄዳል። የትኛውም ጓድ ማይክ ሲያቆም መደዳው ፊቱን ወደ እሱ ያዞራል፤ እሱ ግን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ያዳምጣል። “አረጀ” ይላሉ አንዳንዶቹ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ማርላ የእናቷን ልብሶች ልታወጣለት መጣች። ዓርብ ዓሣ ሊበሉ ወጡ። ሎሚውን ከጨመቀ በኋላ ጠየቃት።

“ማርላዬ፣ ያ ወረቀት አለሽ?”

“የለም። እዚያው ሜዳ ላይ ቀደድኩት።”

“ባፍሽ ታውቂዋለሽ እኮ። አንዴ ብቻ። ቀስ ብለሽ፣ ሰው አይሰማም።”

ማርላ ሹካዋን አስቀመጠች። ከንፈሯን ገጠመች፤ ልትጀምር እንደሆነ አየ። ከዚያ ዓይኗ ሞላ፣ ራሷን ነቀነቀች።

“እምቢ ብዬህ አይደለም አባዬ። ስጀምረው ያ ጩኸት ነው የሚመጣብኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ይጠፋብኛል።”

“እኔም ላይ እንደዚያው ነው” አለ ክላረንስ።

አስተናጋጇ መጥታ ዳቦ ልጨምር ወይ አለቻቸው። ክላረንስ አይ፣ በቃን አላት። ማርላ በናፕኪኑ ዓይኗን ጠራረገችና የአባቷን ዓሣ እሾህ ታወጣለት ጀመር፤ መነጽሩን ቤት ረስቶት ስለነበር።