ስስ መቀባት የማይወዱት ጋሽ ተክለጻድቅ

ጋሽ ተክለጻድቅ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከተማው የሚያውቃቸው በችኮላቸው ነው። መኪና እስኪሞላ መጠበቅ ሞታቸው ነበር። ጡረታም አላበረዳቸውም፤ ሽሮው ሳይንተከተክ አቅርቡልኝ ይሉና ጥሬ ነው ብለው ይቆጣሉ። እኔ ግድግዳ የምጋራቸው ጎረቤታቸው ነኝ፤ የሴቶች ጸጉር ቤት አለኝ። ቁጣቸውን በነጻ እሰማለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ልጃቸውን ጽናትን ሽማግሌ ሊጠይቃት ነው ተባለ። ፈላጊዋ ሽመክት ይባላል፣ ሞላሌ ከተማ አስተማሪ ነው። ጽናት እንደምትወደው አገር ያውቃል። አባቷም ያውቃሉ፣ ግን የአባት ወግ ነውና ያላወቁ ይመስላሉ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከሰዓት እንደሚመጡ ሲነገራቸው መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ሳይሆን ወንበሮቻቸውን ነበር። የብረት ወንበሮች ናቸው፤ ዝገት በልቷቸዋል።

ቅዳሜ የሚነፋ ቀለም በቆርቆሮ ገዝተው መጡ። ያውም ወርቃማ! ባለሱቁ «ስስ አድርገው ይንፉት፤ ያ ሲደርቅ ደግሞ ይደርቡበት» ብሎ መክሯቸዋል።

«ስስ የሚቀባ ስስታም ነው» አሉኝ ቆርቆሮውን እየናጡ። «ለልጄ ሽማግሌ ልሰስት?»

አልሰሰቱም። ቀለሙ በወንበሮቹ እግር ላይ እየተንጠባጠበ ወረደ። የመንዝ ጥቅምት ደግሞ እንኳን እንዲህ የወፈረ ቀለም ካልሲም አያደርቅም። ከጓሳ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ሞላው። ጋሽ ተክለጻድቅ ደረቀ አልደረቀ እያሉ በጣታቸው ይነካሉ፤ በነኩት ቁጥር አሻራቸውን ትተው ይሄዳሉ።

ባለቤታቸው እትዬ ጌታነሽ «አንተ ሰው፣ ወደ ቤት አስገባው፣ መስኮቱን ክፈትለት፣ ከዚያ ተወው» አሉ። «ተወው» የሚባል ነገር እሳቸው ዘንድ የለም። ቤት ውስጥ ኩበት አንድደው ወንበሮቹን ዙሪያውን ኮለኮሉ። ቤቱ ከነቀለሙ አለመንደዱ የመድኃኔዓለም ቸርነት ነው፤ አመዱ ግን ቦንኖ ወርቁ ላይ ተለጠፈ።

በመጨረሻ የጸጉር ማድረቂያዬን ሊዋሱ መጡ። «ራቅ አድርገው፣ እያወዛወዙ፣ በለስላሳው ሙቀት» አልኳቸው። ጋሽ ተክለጻድቅና ለስላሳ! ወንበሩ ላይ ደቅነው በኃይለኛው ለቀቁት። ላዩ እንደ ወተት ስልባቦት ተኮማተረ፣ ሥሩ እርጥብ ሆኖ ቀረ። ይኼኔ መብራት ጠፋ። የእኔን ወንበሮች ላምጣ ብላቸው «በውሰት ወንበር ላይ የልጄን ቃል አልሰጥም» ብለው ጮሁብኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከሰዓት ሲጠበቁ ከቅዳሴ መልስ ከች አሉ። ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም ጸዓዳ ጋቢ ለብሰዋል። መሪያቸው ቄስ ይሥሐቅ ነበሩ። እኔና ጽናት ከመጋረጃው ጀርባ ተሸሸግን።

«እስቲ ይቀመጡ» አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ በወጉ፣ ወንበሮቹን በስጋት እያዩ።

«ቃልዎን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄስ ይሥሐቅም በወጉ።

ጋሽ ተክለጻድቅ በረጅሙ ተነፈሱ። እሳቸው እሺ ካሉ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ቀለሙ እስኪደርቅ እሺ ማለት የለም።

«ቁም ነገር በችኮላ አይሆንም» አሉ ያ ሰው! ጽናት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። «ዘር እንቆጣጠር። እስከ ሰባት ቤት የምንገናኝ ከሆነ ጋብቻ የለም።»

«ደግ ብለዋል። ከእርስዎ ይጀመር።»

ይኼን አላሰቡትም። አባታቸውን ጠሩ፣ አያታቸውን ጠሩ፤ በየስሙ መሐል እያሳሉ፣ ስለ በሬያቸውና ስለ ገብሳቸው እያወሩ፣ በጎን ዓይናቸው ወንበሮቹን እየሰለሉ። አራት ላይ ሲደርሱ አለቀባቸው። መንዝ ላይ ዘሩን የማይቆጥር ሰው ሰው አይባልም። አምስተኛና ስድስተኛውን ከየትም ፈጠሩ። ለሰባተኛው አገር የሚያወራላቸውን፣ የጓሳን ሣር ያስጠብቁ ነበር የሚባሉትን ትልቅ ሰው ለጠፉ፦ «አጎናፍር!»

ቄስ ይሥሐቅ አንገታቸውን ደፉ።

«አዬ ጉድ» አሉ። «የሽመክትም ሰባተኛው አጎናፍር ናቸው። እህትና ወንድም ሆኑኮ። በሉ ደኅና ዋሉ።»

ጽናት እጄን ጨበጠችኝ። ሳቁ ከፊቷ ጠፍቷል። በማይረባ ቀለም የሰው ትዳር ይፈርሳል? ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ደርሰዋል።

«አባ፣ ይፍቱኝ!» አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ። «አጎናፍር አያቴ አይደሉም። ከአራት በላይ አላውቅም። ቢቸግረኝ ነው።»

«ምን ቸገረዎት?»

«ወንበሩ አልደረቀም።»

ቄስ ይሥሐቅ ተመልሰው ወንበሩን ነካ አደረጉ። ወርቅ የሆነ ጣታቸውን አዩት፣ ጓደኞቻቸውን አዩ፣ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር።

«የሱን ዘር ለኔ ተዉልኝ» አሉ እትዬ ጌታነሽ ከጓዳ ብቅ ብለው። «አማቴ ነፍሷን ይማረውና ስትኩራራበት ነው የኖረችው።» ሰባቱንም እንደ ውዳሴ ማርያም አወረዷቸው። አጎናፍር የሚባል አልነበረም፤ ከሽመክት ዘር ጋር አንድም ስም አልገጠመ።

«ታዲያ ሰጡን ወይስ አልሰጡንም?» አሉ ቄስ ይሥሐቅ ወደ ጋሽ ተክለጻድቅ ዞረው።

«ሰጥቻለሁ! ግን እባካችሁ አትቀመጡ!»

«ወግማ አይፈርስም» አሉ ቄስ ይሥሐቅ። «ቃል ሰምተን ቆመን አንሄድም።»

ሦስቱም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወርቁ ላይ ተቀመጡ። ሲነሱ ወንበሩ አብሮ ተነሣ። ጽናት እየሳቀች ታለቅስ ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

ሽመክት መናኸሪያው አጠገብ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር አሉ። ቄስ ይሥሐቅ ተንኮለኛ ናቸው፤ ፊታቸውን ከስክሰው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሦስቱም አልፈውት ሄዱ። ልጁ እንደ ጨው ሟሟ። ከዚያ ዘወር ብሎ ከኋላ አያቸው፤ በሦስቱም ጋቢ ላይ የወንበር ቅርጽ በወርቅ ታትሟል። ያልተሰጠው ሽማግሌ እንደማይቀመጥ ያውቃል፤ መሐል መንገድ ላይ እልል አለ።