ደረቅ ከሆነ ይሳፈር

ንጋት፣ ወልዲያ

ጎህ ሳይቀድ የቀሰቀሰኝ የአባባ ከዘራ ነው። እግራቸው ተሰብሮ ከውርጌሳ ገጠር ወደ እኔ ቤት ካመጣኋቸው ወዲህ አባቴ በየንጋቱ ሲሚንቶውን ኳ ኳ እያደረጉ እስከ በሩ ይሄዳሉ፣ ውጭውን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ዛሬ ግን አልተመለሱም። ወጥቼ ሳይ ጫማቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ወዴት ነው አባባ?»

«አገሬ። ውሻዬ ጋ።»

ጥፋቱ የስልኬ ነው። ትናንት የአገር ቤት ጎረቤታችን አባ ይመር ደወሉ። ቤቱን እንዲጠብቅ የተውነው የአክስቴ ልጅ ሥራ ፍለጋ ወደ ሐራ መሄዱን፣ ውሻው ቡላ ግን እንደታሰረ መቅረቱን ነገሩኝ። ስልኬ ድምፁ ጎልቶ ነበርና አባባ አጠገቤ ሆነው ሁሉንም ሰሙ። ሐኪሙ በዚያ እግር ዳገት አይሞከርም ብሏል። እዚያ ቤት ብቻቸውን ገብተው ቢወድቁ የሚያነሳቸው የለም። እኔ ደግሞ ስጨነቅ አፌ ክፉ ነው።

«ለአንድ ውሻ ብለው ሊሞቱ ነው? ይቀመጡ! ዛሬውኑ አመጣዋለሁ። ካላመጣሁት ነገ እኔው ራሴ አሳፍርዎታለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቄን ማን እንደሚከፍት እንኳ ሳላስብ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ረፋድ፣ መርሳ

ሚኒባሱ «አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ስንትና ስንት ሰው ጭኖ ተነሳ። ሲሪንቃን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። መርሳ እንደ ወትሮዋ ናት፤ ባጃጅ፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ የማንጎ ክምር፣ ጥላ ዘርግተው ብርቱካን የሚሸጡ ሴቶች። ማንጎው ከወልዲያው በግማሽ ዋጋ ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ሳልሸምት አላልፍም ነበር። ዛሬ ግን ዓይኔ በምዕራብ በኩል ተራራው ላይ የሚከመረው ደመና ላይ ነው።

ለቡላ ጥቂት ሥጋ ልይዝለት አሰብኩ። ቀኑ ረቡዕ ነውና የክርስቲያን ልኳንዳ ሁሉ ዝግ ነው። ክፍት ወደሆነው የሙስሊም ልኳንዳ ገባሁ። ሰውየው አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይቶ ቢላውን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ በረቡዕ! ያውም የእስላም ሥጋ! ምን ነካሽ?»

«ለእኔ አይደለም፤ ለውሻ ነው።»

«ውሻውስ አይጾምም?» ብሎ ሳቀ።

«እሱስ ጾሞ ጨርሷል። ታስሮ ተትቶ ነው።»

ሳቁን አቆመ። ሥጋ ያለበት አጥንት መርጦ ጠቀለለልኝ። ዋጋውን ስጠይቀው «ለተራበማ አይሸጥም፤ ሂጂ ድረሺለት» አለኝ።

እኩለ ቀን፣ ከውርጌሳ በላይ

ውርጌሳ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት። አባ ይመር ከደጃቸው ሆነው ጠበቁኝ።

«እንደምን ዋሉ አባ ይመር?»

«አልሐምዱሊላህ። አባትሽስ? እግራቸው ተሻላቸው?»

«እሳቸውስ ተሽሏቸዋል፤ የታመምነው እኛ ነን።»

አብረን ግቢያችን ስንገባ ቡላ ግራሩ ሥር በሰንሰለት እንደታሰረ ነው። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። አንገቱ ተልጦ ዝንብ ወሮታል። አጠገቡ አንድ ጣሳ አለ፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ። አላስጠጋ ስላላቸው አባ ይመር በዚያ እንጨት ውሃ እየገፉ ሲያቀርቡለት ከርመዋል።

«እንጀራም እንወረውርለታለን» አሉ። «ልንፈታው ብንል ግን እኛኑ ሊበላ! ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ይሄ ሳይበላም የሚጮህ ነው።»

ስሙን ጠራሁ። መጀመሪያ ጅራቱ ተነቃነቀ፣ ከዚያ እሱ ተነሳ። አጥንቱን ከእጄ ላይ በቀስታ ወሰደው። ሰንሰለቱን ስፈታ እንባዬ መጣ፤ በአክስቴ ልጅ ላይ ያወረድኩትን ስድብ ግን እዚህ አልጽፈውም።

ቤቱን ቆልፌ ቡላን በገመድ ስስበው አልሄድም አለ። አራት እግሩን ተክሎ ወደ በሩ ይጎትተኛል።

«አባትሽ ይመጣሉ ብሎ እኮ ነው የሚጠብቅ» አሉ አባ ይመር። «እኛም ማታ ሲጮህ ስንሰማ ጎረቤታችን አሉ እንላለን። ዛሬ እንግዲህ ግቢው ዝም ሊል ነው።»

ደመናው ወደ እኛ እየመጣ ነበር፤ እየጎተትኩት ወረድኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ መንገድ

ውርጌሳ መንገድ ዳር ቆመን ሚኒባስ ሁሉ እያየን አለፈን። አንዱ ረዳት «ለሱም ትከፍያለሽ?» አለኝ። እሺ ስለው «ብትከፍዪም አንጭንም!» ብሎ በሩን ዘጋው። በመጨረሻ ማንጎ የጫነች ፒክአፕ ቆመች። ሹፌሩ ነጭ ቆብ ያደረገ የእኔ እኩያ ነው፤ እንድሪስ እባላለሁ አለኝ።

«ከኋላ የሰው መብል ነው፤ ጋቢና ይግባ። ግን ልንገርሽ፣ የውሻ እርጥበት ለእኛ ነጃሳ ነው። ከነካኝ ሳልታጠብ አልሰግድም። ደረቅ ከሆነ ይሳፈር። ከረጠበ ወላሂ ትወርዳላችሁ።»

ቡላን እግሬ ሥር አስተኝቼ ለሃጩን በነጠላዬ ጫፍ እጠርግ ጀመር። ለሃጩ አያልቅም። በእኔ በኩል ያለው መስኮት ደግሞ እስከ መጨረሻው አይዘጋም፤ የመስታወት ማንሻው ተሰብሯል። ዕቃው ሱቄ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ እዚህ ምን ያደርግልኛል!

መርሳን አለፍን። ሲሪንቃ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ዞሬ መስኮቱን በጀርባዬ ደፈንኩት። ውሃው በአንገቴ ገብቶ ወገቤ ደረሰ፣ ቡላ ግን ጠብታ አልነካውም።

«ማሻ አላህ» አለ እንድሪስ እየሳቀ፣ «ለልጅሽም እንዲህ አታደርጊም!»

ሲሪንቃን ገና እንዳለፍን መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ወጣች። ቡላ ደንግጦ ተነሳ፤ ምን እንደታየው እንጃ፣ ማርሹ ላይ ያለውን የእንድሪስን እጅ ላሰው።

መኪናዋ ቆመች። እኔም አለቀ አልኩ። በዚህ ዝናብ የሚጭነን ሌላ ሰው አይገኝም። ነገ በዚያ እግር አባባን ላሳፍር ነው።

እንድሪስ ወረደ። የውሃ ጀሪካን አውጥቶ ከመንገዱ ዳር አፈር ዘገነ።

«ነይ አፍስሺልኝ» ብሎ ጮኸ። «ሰባት ጊዜ ነው፣ አንዱ በአፈር። ቁጠሪ፤ እኔ ስናደድ ይጠፋብኛል።»

ዝናብ ላይ ቆሜ አፈሰስኩለት፣ ጮክ ብዬም ቆጠርኩለት። አፈሩ ከእጁ ታጥቦ ወረደ። እንደጨረስን እጁን አራገፈ።

«ግቢ፣ እንሂድ።»

«ትወርዳላችሁ ብለህ አልነበር?»

«ብዬ ነበር» አለና ሞተሩን አስነሳ።

አመሻሽ፣ ወልዲያ

አባባ በሩ ላይ ነበሩ። ቡላ ገመዱን ከእጄ ነጥቆ ሮጠና ጭንቅላቱን ጫማቸው ላይ ጣለ። አንገቱን ሲዳስሱ ቁስሉን አገኙት፤ አለቀሱ። እኔ ከእግር እስከ ራሴ በስብሼም ደስ ብሎኝ ነበር። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ነገ የትም አይሄዱም።

ከዚያ ቀና አሉ።

«ቤቱንስ ማን ይጠብቃል?»

«ቆልፌዋለሁ አባባ። ቁልፉ ይኸው።»

ቁልፉን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

«እንግዲህ እዚሁ ቀረሁ ማለት ነው» አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። ቡላ በሩ ሥር ተጋድሟል። በመጋረጃው ክፍተት አባባን አየኋቸው፤ ዓይናቸው ተገልጧል፣ ከአልጋቸው ግን አልተነሱም። ከዘራው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ያን ሁሉ ጊዜ እንቅልፍ የነሳኝን ኳኳታ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቀው ነጋ።