ጃቪት ሳይጠልቅ የቀረበት ጸደይ

ኬቺቡኩ በሚባለው፣ ተራራ በከበበው የባሕር ጉያ፣ ጃቪትን የማያውቅ ካፒቴን የለም። ከእሱ የሚያንሱት ሁሉ "ጃቪት አቢ" ይሉታል፤ ታላቅ ወንድማችን ማለታቸው ነው።

ጃቪት ሀብታም አይደለም። ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለችው። ሚስቱ ናጂዬ ታበስላለች፣ እሱ ዓሣ ይጠብሳል። ስሙ የወጣው ግን በዓሣው አይደለም፣ በድንጋዮቹ ነው። ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ስምንት ሜትር ውሃ ስር፣ ራሱ ከሲሚንቶ የሠራቸው ስድስት ትላልቅ ድንጋዮች ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ላይ ሰንሰለት አለ፣ ከሰንሰለቱ ገመድ ይወጣል፣ በገመዱ ጫፍ ብርቱካናማ ኳስ ይንሳፈፋል። ለሽርሽር የሚመጣ ባለሸራ ጀልባ መልሕቅ መጣል ሳያስፈልገው ገመዱን ይዞ ይታሰራል። ሰዎቹም ወርደው እሱ ዘንድ ይበላሉ። ደንቡ ይኸው ነው።

ሰንሰለትን ባሕር ውስጥ ጨው ይበላዋል። ስለዚህ ጃቪት በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ጀልባዎቹ ሳይመጡ፣ ጠልቆ እያንዳንዱን ቀለበት በእጁ ይዳብሳል፤ የሳሳውን ይቀይራል። ካፒቴኖቹ ወረቀት አይጠይቁትም። "ገብተህ አይተኸዋል?" ይሉታል። "ገብቼ አይቻለሁ" ካለ አለቀ፣ ልጆቻቸውን ጀልባው ላይ ትተው ይወርዳሉ።

አምና ሚያዝያ ሦስተኛው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ግን እግሩን አንድ ነገር ያዘው። ማን እንደጣለው የማይታወቅ አሮጌ የዓሣ መረብ ነው። ቢጎትት ጠበቀ። ቢላውን ፈልጎ እስኪያገኝ ደረቱ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ዓይኑም ጨለመበት። እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ድንጋዩን ሳያየው ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትንም እንዲሁ። ለናጂዬ "እግሬን ድንጋይ ቧጨረኝ" አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን እንኳ በእርጥብ ፎጣ ነው የሚጠርገው። ውሃ አፍንጫው ጋ ሲደርስ ያ መረብ እግሩን የያዘው ይመስለዋል።

ዘንድሮም ሚያዝያ መጣ። ጃቪት የመጥለቂያ መነጽሩን ይዞ በትንሿ ታንኳ ወጣ። ኳሶቹ መሃል ረጅም ሰዓት ተቀመጠ። በመጨረሻ በባልዲ ውሃ ቀድቶ ጸጉሩን አረጠበና ተመለሰ።

"እንዴት ናቸው?" አለችው ናጂዬ ከዳር ቆማ።

"ደህና ናቸው።"

እንግዲህ የዘንድሮ የመጀመሪያዋ ውሸት ይቺ ናት። ሌሎቹ ከእሷ የተወለዱ ናቸው።

በጋው ሊያልቅ ሲል፣ መስከረም ውስጥ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ካፒቴን ኤርጁመንት አንድ ቤተሰብ ይዞ መጣ፤ ከአንካራ የመጣ የጥርስ ሐኪም፣ ሚስቱና ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆቻቸው።

"ጃቪት አቢ፣ ይቺ ሦስተኛዋ እንዴት ናት?" አለ ካፒቴኑ ገመዱን እያነሳ።

"ገብቼ አይቻለሁ" አለ ጃቪት። አፉ ለምዶታል፣ እሱን አላስፈቀደውም።

ካፒቴኑና ሐኪሙ ለምሳ ወረዱ። እናትየዋ ልጆቹን ልታስተኛ ጀልባው ላይ ቀረች። ጃቪት ዓሣውን ፍሙ ላይ እንደዘረጋ ጭሱ ወደ ፊቱ ዞረ። ቀና ብሎ አየ። በጋውን ሙሉ ከተራራው ጀርባ ሲመጣ የነበረው ነፋስ ተገልብጦ ከደቡብ፣ ከባሕሩ አፍ ይገባ ጀመር። ኬቺቡኩ ከሁሉም ነፋስ ትከልላለች፣ ከደቡብ ብቻ አትከልልም። የጀልባዋ አፍንጫ ብድግ ዝቅ ይላል። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ከጀልባዋ ኋላ እስከ ዳርቻው አለት ሃምሳ እርምጃ አይሆንም።

ጃቪት ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

"ካፒቴን፣ እስቲ ጥዶቹ ወዳሉበት ጥግ ብትዞር? መልሕቅህን ጥለህ ከኋላ ዛፍ ላይ ብታስራት።"

"ዓሣው አሮብህ ነው አይደል የምታባርረን?" አለ ኤርጁመንት።

"ነፋሱ ዞሯል።"

"ይዙራ። እኔ መልሕቅ ስጥል ጭቃ ይያዝ ድንጋይ ይያዝ አላውቅም። ያንተን ግን አንተ በእጅህ ዳብሰኸዋል።" ወደ ሐኪሙ ዞረ። "ዶክተር፣ እንዲህ ኮስሶ ሲያዩት ሰው ይመስላል እንጂ ግማሽ ጎኑ ዓሣ ነው።"

ሐኪሙ ሳቀ። ጃቪትም ለመሳቅ ሞከረ፣ ከንፈሩ ግን አልታዘዘውም። ተመልሶ ፍሙ ጋ ቆመ። ምናልባት ይይዝ ይሆናል። ምናልባት ነፋሱ ወዲያው ይወድቃል። ማዕበሉ ጀልባዋን ባነሳ ቁጥር ዓሣውን ረስቶ እሷን ያያል።

"አንተ፣ ዓሣውን እኮ አመድ አደረግኸው" አለች ናጂዬ ከጓዳ ብቅ ብላ። "ምነው ፊትህ እንዲህ አመዱ ወጣ?"

"ናጂዬ፣ አልገባሁም።"

"የት?"

"ውሃው ውስጥ። ዘንድሮ አልገባሁም። ሦስተኛውንማ አምናም አላየሁት።"

ናጂዬ አየችው። ቀጥሎ ጀልባዋን አየች፤ በጠርዟ ሽቦ ላይ ሁለት ትንንሽ የዋና ልብሶች ይውለበለባሉ።

"ለእኔ ነው እንዴ የምትነግረው?" አለችው ቀስ ብላ። "ሂድ።"

ከፍሙ እስከ ጠረጴዛው አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ጃቪት ያን ያህል የራቀው መንገድ የለም።

"ካፒቴን፣ ድንጋዩን አላየሁትም።"

ኤርጁመንት ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ የጃቪትን ፊት አየ። ሹካውን አስቀመጠ።

"ቅድም አይቻለሁ አላልክም?"

"ዋሸሁ። ፈራሁ።"

"ምኑን?"

"መጀመሪያ ውሃውን። ኋላ ደግሞ እናንተን።"

ሐኪሙ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። "ልጆቼ እኮ እዚያ ላይ ናቸው፣ አንተ ሰውዬ" አለ። ሁለቱም ወደ ወረዱባት ትንሽ የጎማ ጀልባ ሮጡ። ጃቪት እነሱ እስኪደርሱ ትንፋሹን ይዞ ቆመ። ካፒቴኑ ጀልባዋ ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ። ገና ሞተሩ ከመነሳቱ አንድ ትልቅ ማዕበል መጣና አፍንጫዋን አንስቶ ጣላት፤ ያ የተወጠረ ገመድ ላላ። ጀልባዋ ጎኗን ሰጥታ ወደ አለቱ ተንሸራተተች። ናጂዬ ዓይኗን በመሐረቧ ሸፈነች። ሞተሩ አጓራ፣ ውሃው ነጭ ሆነ፣ ጀልባዋም ከአለቱ አሥር እርምጃ ሲቀራት ቆመች፣ ቀስ በቀስም ወደፊት ሄደች።

ኤርጁመንት ገመዱን ስቦ ጫፉን ከፍ አድርጎ ለጃቪት አሳየው። ክንድ የማይሞላ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ የመጨረሻው ቀለበት እንደ ሚስማር ቀጥኖ ተከፍቷል። ካፒቴኑ ቢሰድበው ይቀለው ነበር።

ጃቪት ያኔ አምስተኛውን ኳስ አየ። እዚያ ላይ ስምንት እንግዶች የያዘች ትልቅ የእንጨት ጀልባ ታስራለች። ጠዋት እነሱንም "ገብቼ አይቻለሁ" ብሏቸዋል።

ታንኳዋን ገፍቶ ገባ። ማዕበሉ ፊቱን በጥፊ ይመታዋል፣ ጨው ውሃ አፍንጫው ይገባል፣ መረቡም እግሩ ላይ ይጠመጠምበታል። እሱ ግን ቀዘፈ። ከእንጨቷ ጀልባ ስር ሲደርስ አንዲት ወጣት ሴት በጠርዙ ላይ ጎንበስ አለች። ነገራት።

"አልሰማሁህም አጎቴ፣ ጮክ በል።"

ሌሎቹም መጥተው ተደርድረው አዩት። ጃቪት ታንኳዋ ውስጥ ቆመ።

"አልገባሁም" ብሎ ጮኸ። "ድንጋዩን አላየሁትም። ዋሽቻችሁ ነው። ፍቱትና ወደ ጥዶቹ ሂዱ።"

ገመዳቸውን መፍታት ሲጀምሩ ዞር አለ። በባሕሩ አፍ ሌላ ባለሸራ ጀልባ ገብታ ወደ ሁለተኛው ኳስ ታመራለች፤ ካፒቴኑ ከሩቅ አውቆት እጁን ያውለበልብለታል። ጃቪት ተቀመጠና ታንኳዋን ወደዚያው አዞረ።