አልታየሽን ደግፈው ያስገቧት አራት ሰዎች

ይህን ነገር መጀመሪያ ያጫወተኝ ኪዳነማርያም ነው፣ እዚህ ለንደን አርችዌይ ላይ ፀጉር የሚቆርጠው። አቆራረጡን እንጃለት፤ ወሬ ግን አያዛባም። እኔም ፊደል ባልቆጥር ያላጣራሁትን አላወራም፤ ሆሎዌይን ዙሩና ጠይቁ።

አልታየሽ በልጅነቷ በያዛት ፖሊዮ ግራ እግሯን ታነክሳለች። ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም። ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ አስራ ሁለት ዓመት ቆማ ሠርታለች፤ በሁለት አውቶብስ ሄዳ በሁለት አውቶብስ ትመለሳለች። አውቶብሱን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ያኔ ሾፌሩ ሳንቲም ይቀበል ነበር፤ እኔን ደግሞ በስሜ ነበር የሚጠራኝ። ይሁን፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

አንድ ልጇ ፀሎት አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ናት። ስታረግዝ "እማዬ፣ ሳልወልድ ድረሺልኝ" አለቻት። እዚያው አብራት እንድትኖር ለቪዛ አፕላይ ካደረገችላት ዓመታት አልፈዋል፤ የቀረው የጤና ምርመራ ብቻ ነበር።

የኛ ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት ብቻውን አይላክም። አራት የማኅበሯ ሰዎች አጀቧት። ሁለቱ በግራና በቀኝ ብብቷን ይዘው አስገቧት። አንዷ ቦርሳዋን ያዘች። ንዋይ የሚባለው ደግሞ ሐኪሙ ለጠየቃት ሁሉ እሱ መለሰ።

"ደረጃ ብቻዋን ትወጣለች?"

"እኛ እያለን ምን ሲደረግ" አለ ንዋይ፣ ኮራ ብሎ።

በሁለተኛው ወር ከአውስትራሊያ ቪዛ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ጠዋት ማታ ደጋፊ ስለሚያስፈልጋት በአስር ዓመት መንግሥትን ሦስት መቶ ሺህ ዶላር ታስወጣለች፤ ቪዛው ተከልክሏል ይላል። የሰው እናት እንደ ከብት ተተመነች። አልታየሽ ሁለቴ አስነበበችው።

"አንድ ቀን አሞኛል ብዬ ሲክ ሳልወስድ፣ እኔ ነኝ ሦስት መቶ ሺህ የማስወጣው?"

የአውስትራሊያን ሕግ የሚያውቅ ቤንጃሚን የሚባል ጠበቃ ያዘች፣ እዚሁ ያደገ የኛው ልጅ።

"እትዬ፣ የተመኑት እርስዎን አይደለም" አላት። "የእርስዎ ዓይነት በሽታ ያለበት ሰው ብለው በሐሳባቸው የፈጠሩትን ነው። ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። ግን ያ ሰው ከእርስዎ በላይ መታመም የለበትም።"

"ሰውዬው ደጋፊ ካማረው የራሱ ጉዳይ ነው" አለች። "የእኔ ቪዛ ውስጥ ምን ዶለው?"

ይግባኝ አሉ። ፋብሪካው የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት ሁሉ አትሞ ሰጣት። ወረቀቱ ሲንከራተት ግን ፀሎት ወለደች፤ እናቷ ልጁን በስልክ አየችው። ይኼ አንጀቴን ያቃጥለዋል፤ ያንን ቀን የሚመልስላት የትኛው ቢሮ ነው?

ችሎቱ በቪዲዮ ነበር። ዳኛዋ የሐኪሙን ሪፖርት አንብባ "እነዚያ ደግፈው ያስገቡሽ አራቱ ሰዎች ምንሽ ናቸው?" ብላ ጠየቀቻት።

"የማኅበሬ ሰዎች ናቸው" አለች አልታየሽ። "ጤነኛ ብሆንም አይለቁኝም።"

ዳኛዋ ግምቱን ሻረችው፤ ሌላ ሐኪም የእሷን የራሷን እግር ዓይቶ እንደገና ያስላ ተባለ። በቀጠሮው ቀን ንዋይ እስከ በሩ ልሸኝሽ ቢላት "እዚያው አውቶብስ ፌርማታው ላይ ቁም" አለችው። ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጣች። በአዲሱ ስሌት ወጪዋ የአንድ ጥንድ ልዩ ጫማ ያህል ሆነና ቪዛው ተፈቀደ። ለመጀመሪያው ስህተት ይቅርታ ያላት የለም።

ቤንጃሚን ሁለት ሺህ ፓውንድ ጠየቀ። ደግፈው ያስገቧት አራቱ አምስት አምስት መቶ እንዲያዋጡ አልታየሽ ራሷ ፈረደች። ሦስቱ ወዲያው ከፈሉ።

"እኔ እኮ በፍቅር ነው ያደረግሁት" አላት ንዋይ።

"ፍቅሩን ተቀብያለሁ" አለችው። "አምስት መቶውን አምጣ።"

አመጣ።