እጅጌው ላይ መስቀል ስፊበት ሲሉኝ

ስፌት የጀመርኩት በሰው አገር፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባል ሰፈር፣ ኮልፋክስ ጎዳና ዳር በነበረች የላውንደሪ ሱቅ ነው። የመጀመሪያ ቀን አሠሪዬ ወይዘሮ አልማዝ መርፌም ክርም አልሰጡኝም። መተርተሪያ አስጨብጠውኝ፣ «መጀመሪያ ሌላው የሰፋውን መፍታት ልመጂ» አሉኝ። የሱሪ ጫፍ ስተረትር ዋልኩ፤ ጣቴ ተላጠ።

ቆይቼ ቻምበርስ ሮድ ላይ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ኑሮዬን የምገፋው ሱሪ በማሳጠርና ዚፕ በመቀየር ቢሆንም፣ ስሜን ያስጠራው የመዘምራን ልብስ ነው። ሚስስ ሊንም የመጡት እሱን ሰምተው ነው።

ሚስስ ሊን ቻይናዊት ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ልጅ ሳሉ በአገራቸው የባህል ቲያትር ትምህርት ቤት ረጅም እጅጌ እየወረወሩ የሚያቀርቡትን የእጅጌ ውዝዋዜ ተምረዋል። ነጭ ሐር አምጥተው፣ ከመዳፍ አልፎ ወለል የሚነካ እጅጌ አዘዙኝ። የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛችን ነው።

«ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ለጸሎት» አሉኝ።

ስለካቸው ሐሩን እንደ እጅጌ በሁለት ክንዳቸው አንጠልጥለው አሳዩኝ። ያለ ቃል የሚናገሩት የጠፋውን ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ ከቤት ሲወጣ እጅጌው ወደ ላይ ይወረወራል። ተመልሶ አባቱ ፊት ሲደርስ ግን ተንበረከኩና ሁለቱንም እጅጌ መሬት ላይ ዘረጉት፤ ግንባራቸውንም ደፉ። ይኼማ ስግደት ነው። ሜትሩን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ እንባዬ መጣ።

በክርስትና ካመኑ በኋላ ውዝዋዜው «የዓለም ነገር ነው» ተብለው ለዓመታት ትተውት ኖረዋል። አሁን ፓርክ ሂል ሰፈር ባለ ቤተ ክርስቲያን፣ የተለያየ አገር ምእመናን ለታንክስጊቪንግ፣ ለምስጋናው በዓል፣ አብረው ሲያመልኩ እንዲያቀርቡት ተፈቀደላቸው። «አንድ ጊዜ እንኳ ለተመልካች ሳይሆን እግዚአብሔር ፊት ልሥራው» አሉኝ።

ሐር ከእጅ ያመልጣል። በቀጭን መርፌ፣ ጠርዙን በጠባቡ አጥፌ ሰፋሁት፤ ጫፉ ከከበደ አይበርም።

ልጨርስ ስል የፕሮግራሙ አስተባባሪ ዳዊት ሱቄ መጣ። የእኛው አገር ሰው ነው።

«እህቴ፣ ጫፉ ላይ ትልልቅ መስቀል ስፊበት። በወርቃማ ክር።»

«ለምን?»

«ሰው ክርስቲያን መሆናቸውን በምን ያውቃል? ካልቸር ሾው፣ የባህል ትርኢት ነው እኮ የሚመስለው። ኮሚቴው ኮምፕሌን አድርጓል፤ ቅር ብሎታል።»

«ይኼ ጫፍ ወለል ይጠርጋል። መስቀል ተሳልሜ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ መሬት ላይ እንዲጎተት ነው የምትለኝ?»

«እንግዲያው አምልኮው ላይ ሳይሆን በምሳ ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ያቅርቡታ።»

ደሜ ፈላ። «ጊታር የሚመታላችሁ ልጅ ጊታሩ ላይ መስቀል አለ?»

«ጊታር የተለመደ ነው። ነገር አታክብጂ።»

«ለማን ነው የተለመደው? ከበሮና ጽናጽላችንን ፈረንጅ ሾው ብሎ ሲጠራው የሚያንገበግበን እኛ አይደለንም?»

«እኔ ፕሮግራም ነው የምመራው» ብሎኝ ወጣ። ሃፍረት የሚባል ነገር ፊቱ ላይ አላየሁም።

ዳዊት ያለውን ሁሉ ለሚስስ ሊን እያፈርኩ ነገርኳቸው። ከፈለጉ መስቀሉን እሰፋዋለሁ፣ ምርጫው የእርስዎ ነው አልኳቸው። ሐሩን በእጃቸው ዳበሱት።

«ልጁ የተመለሰው ባዶ እጁን ነው» አሉኝ። «አባቱ ማስረጃ አልጠየቀውም።»

መስቀል ሳይሰፋ ቀረ። በበዓሉ ዕለት ማንም ሳይጠራቸው አምልኮው አለቀ፤ ሚስስ ሊን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ጨረሱት። አዳራሽ ገብተን ሰዉ የበዓሉን የተርኪ ሥጋ ሲበላ ዳዊት ማይኩን ያዘና «አሁን ደግሞ የቻይና የባህል ትርኢት!» አለ። ግማሹ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ያወራል፤ ግማሹ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። ወለሉ ላይ ቀይ ሶስ ፈሷል። ሚስስ ሊን ልጁ ከሚመለስበት ቦታ ሲደርሱ ሶሱን አዩት፤ ፈቀቅ አላሉም። እጅጌያቸውን እዚያው ላይ ዘረጉና ግንባራቸውን ደፉ። አንዱ አፏጨ፤ ሌላው አጨበጨበ። እኔ ተናደድኩ፤ ዛሬም ሳወራው ያናድደኛል።

እጅጌውን ሱቄ ወስጄ ባጥበው፣ ባጥበው እድፉ አልለቅ አለ። ሐር ገዝቼ ሌላ ልስፋልዎት ብላቸው አሻፈረኝ አሉ።

«ሰግጄበታለሁ» አሉኝና አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

በዚህ ሙያ የምትሠሩ ልጆች ይህን ያዙልኝ፦ ልብስ የሚሰፋው ለባሹ ለሚሠራበት ሥራ ነው። ተመልካችን ጥርጣሬው እንዲለቀው ተብሎ አንድ ክር አይጨመርበትም።